ስለ ኮምፕሬሶር ዘይት፤ ልኩን ስለ መጠበቅና በጊዜው ስለ መለወጥ

ቀድሞ በጋራዥና በፋብሪካ ብቻ ይታይ የነበረው ኮምፕሬሶር፥ ማለት የአየር መጭመቂያ መኪና፥ ዛሬ በብዙ እርሻዎችና በከተማ ግቢዎች ይገኛል። የትራክተሩንና የጋሪውን ጎማ ይነፋል፤ የሞተሩን የአየር ማጣሪያ ከአቧራ ያጸዳል፤ ቀለም ይረጫል፤ በመሣሪያ ላይ የደረቀውን ጭቃና ገለባ ያራግፋል። ስለዚህ በእርሻ ወራት ይህ መኪና አንድ ቀን ቢቆም አብሮት የሚቆመው ሥራ ብዙ ነው። ጎማው የተነፈሰበት ትራክተር በመስክ ላይ ቆሞ ዝናቡ ቢያልፍበት ጉዳቱ የጎማ ጉዳት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የዘር ጊዜም አብሮ ያልፋል።

እንደዚህ ያሉ መኪናዎች ያለ ዕድሜያቸው ከሚበላሹባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የዘይት ጉድለት ነው። ጉድለቱም የሚመጣው ዘይት ውድ ስለሆነ አይደለም፤ ለአንድ የቤት ኮምፕሬሶር የሚበቃው ዘይት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሊትር አይበልጥም። ምክንያቱ መመልከት መረሳቱ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት የተዘጋጀው ባለ መኪናው ራሱ፥ ያለ መካኒክ እርዳታ፥ የዘይቱን ልክ ለመጠበቅ እንዲችል ነው።

የታመቀ አየርን ለሥራ ማዋል አዲስ ነገር አይደለም። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. መሐንዲሱ ሶሜይዬ በፈረንሳይና በኢጣልያ መካከል ባለው በሞንት ሴኒስ የባቡር መሿለኪያ ሥራ ላይ በታመቀ አየር የሚነዱ የድንጋይ መብሻዎችን ስላስገባ የቁፋሮው ፍጥነት እጅግ ጨመረ፤ መሿለኪያውም በ1871 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ መኪናው እያነሰና ዋጋው እየቀነሰ ሄዶ ወደ ገበሬው ግቢ ደረሰ። ነገር ግን አየርን መጭመቅ ሙቀት የሚያስከትል ከባድ ሥራ መሆኑ አልተለወጠም።

ዘይቱ የት እንደሚቀመጥና ምን እንደሚሠራ

የተለመደው የቤት ኮምፕሬሶር አራት ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም ሞተሩ፥ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ቺንጊያ፥ አየሩን የሚጨምቀው ራስና የታመቀው አየር የሚከማችበት በርሜል ናቸው። በራሱ ውስጥ ፒስቶን በሲሊንደር ውስጥ ይወጣል፥ ይወርዳል። ከፒስቶኑ በታች ኮሎ የሚባለው ተሽከርካሪ ዘንግ ይገኛል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቢየላ ነው። ዘይቱ የሚቀመጠው ከሁሉም በታች ባለው ኮፓ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ይገባል። በአውቶሞቢል ሞተር ዘይቱን በየቦታው የሚያደርስ ፖምፓ አለ፤ ግፊቱ ሲጎድልም በሾፌሩ ፊት ቀይ መብራት ይበራል። በትናንሾቹ ኮምፕሬሶሮች ግን በአብዛኛው ፖምፓም መብራትም የለም። በቢየላው የታችኛ ጫፍ እንደ ማንኪያ ያለች ትንሽ ብረት ትኖራለች፤ ኮሎው በዞረ ቍጥር ይህች ብረት ወደ ዘይቱ ጠልቃ ዘይቱን ወደ ላይ ትረጨዋለች። ሲሊንደሩ፥ ፒስቶኑና ኩሽኔታዎቹ የሚለሰልሱት በዚህ ርጭት ብቻ ነው። ዘይቱ ከልኩ ወርዶ ብረቲቱ ካልደረሰችበት ርጭቱ ይቋረጣል፤ መኪናው ግን ምንም ምልክት ሳይሰጥ መዞሩን ይቀጥላል። የመጨረሻውን ድምፅ በሚያሰማበት ጊዜ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋራ ተጣብቆ ሥራው ያበቃል። ስለዚህ የዘይቱ ልክ በዚህ መኪና ላይ ከሌሎች ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ዘይቱ ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው። ሙቀትን ከፒስቶኑ ተቀብሎ ወደ ኮፓው ግድግዳ ያደርሳል፤ ፋሻ በሚባሉት የፒስቶን ቀለበቶችና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ቀጭን ክፍተት ይዘጋል፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል።

ዘይት የማይፈልጉም ኮምፕሬሶሮች አሉ። በእነዚህ ላይ ፋሻው ራሱን በራሱ ከሚያለሰልስ ነገር የተሠራ ስለሆነ ዘይት አይጨመርም፤ ቢጨመርም ይጐዳቸዋል። መለያው ቀላል ነው፤ የዘይት መሙያ ቀዳዳና የዘይት መመልከቻ መስታወት ወይም የመለኪያ ዘንግ የሌለው መኪና ዘይት የማይፈልግ ነው። ጥርጥር ያለበት ሰው አብሮ የመጣውን መመሪያ ያንብብ።

አዲስ መኪና ሲገዛ

ብዙዎቹ አዲስ ኮምፕሬሶሮች ከፋብሪካ ወጥተው ወደ ሩቅ አገር ሲላኩ በመንገድ እንዳይፈስ ተብሎ ኮፓቸው ባዶ ሆኖ ነው። የመሙያው ቀዳዳም በድፍን የፕላስቲክ መክደኛ ተዘግቶ ይመጣል፤ መተንፈሻ ቀዳዳ ያለበት እውነተኛው መክደኛ ለብቻው በከረጢት ውስጥ ይገኛል። ገዢው ይህን ሳያውቅ መኪናውን ከኤሌክትሪክ ጋራ ቢያገናኘው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አዲሱ መኪና ብረት ከብረት ጋራ ተፋጭቶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከማስነሣት አስቀድሞ ዘይት መኖሩን ማረጋገጥ፥ ከሌለም እስከ ልኩ መሙላትና ድፍኑን መክደኛ አውጥቶ መተንፈሻ ያለበትን ማግባት የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ድፍኑ መክደኛ ባለበት ቢቀር በኮፓው ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት ዘይቱን በጓርኒሲዮኑና በመዝጊያዎቹ በኩል ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ልኩ እንዴት እንደሚታይ

በሥራ ቀን ሁሉ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ዘይቱ ይታይ። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ መኪናው ይጠፋ፤ ሽቦውም ከሶኬቱ ይነቀል። ይህ መኪና በበርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት ሲቀንስ በራሱ የሚነሣ ስለሆነ ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም። መክደኛው የሚከፈት ከሆነ የበርሜሉም አየር አስቀድሞ ይለቀቅ።

2ኛ፤ ሲሠራ የቆየ እንደሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ። በግድግዳው ላይ የተረጨው ዘይት ወደ ታች ወርዶ ሳይጠራቀም ቢለካ የጎደለ ይመስላልና።

3ኛ፤ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም። አናጢና ግንበኛ የሚጠቀሙበት ውሃ ልክ ካለ በበርሜሉ ላይ አድርጎ መመልከት ይቻላል። በተዳፋት ላይ የቆመ መኪና ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚያዘነብል ውሸት ይናገራል።

4ኛ፤ መመልከቻ መስታወት ያለው እንደሆነ ዐይንን ከመስታወቱ ጋራ ትክክል አድርጎ መመልከት ይገባል። በብዙዎቹ ላይ በመስታወቱ መካከል ቀይ ክብ ምልክት አለ፤ ዘይቱ የዚህን ክብ እኩሌታ ሲይዝ ልክ ነው። የመለኪያ ዘንግ ያለው እንደሆነ በመክደኛው ዙሪያ ያለው አቧራ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ዘንጉ ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ይወልወልና ተመልሶ ይግባ፤ ሁለተኛ ሲወጣ ዘይቱ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል መገኘት አለበት።

5ኛ፤ የጎደለ እንደሆነ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ በየጊዜው ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይታይ።

በመስታወት ስለሚታየው ነገር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መስታወቱ ብዙ ጊዜ ያገለገለ እንደሆነ ዘይቱ በቆየበት ቦታ ላይ ቡናማ እድፍ ይይዛል፤ ኮፓው ባዶ ቢሆንም እንኳ ዘይት ያለ ያስመስላል። ይህን ለመለየት መኪናውን በአንድ ወገን ጥቂት ከፍ አድርጎ መመልከት ነው። መስመሩ ከተንቀሳቀሰ ዘይት ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ እድፍ ነው።

ማነሱም መብዛቱም ጉዳት ነው

ኮፓው ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጉድለት ብዙ ለውጥ ያመጣል። ግማሽ ሊትር ከሚይዝ ኮፓ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ዘይት ቢጎድል ከጠቅላላው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ጠፋ ማለት ነው። የቀረው ዘይት የበለጠ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን በብረትና በብረት መካከል ለመቆም አቅም ያጣል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ፈርተው እስከ አፉ ይሞላሉ። ይህም ስሕተት ነው። ዘይቱ ከልኩ ሲያልፍ ኮሎው ራሱ በዘይቱ ውስጥ እየዞረ እንደ ወተት ይንጠዋል፤ አረፋም ያበጃል። አረፋ ደግሞ ግማሹ አየር ስለሆነ አያለሰልስም። ከመጠን በላይ የተረጨውም ዘይት ፋሻዎቹን አልፎ ወደ ፒስቶኑ ራስ ይወጣል፤ ከዚያም ከሞቀው አየር ጋራ በቫልቮላው በኩል ይወጣል። በዚያ ቦታ ያለው ሙቀት ቀላል አይደለም። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አየር በአንድ ጊዜ እስከ 8 ባር ቢጨመቅና ሙቀቱ ምንም ባይወጣለት ከ250 ዲግሪ በላይ እንደሚደርስ የፊዚክስ ሒሳብ ያስረዳል። በእርግጥ ሲሊንደሩ በነፋስ ስለሚቀዘቅዝ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም በቫልቮላውና በመውጫው ቱቦ ላይ የሚደርሰው ዘይት ቀስ በቀስ እየተቃጠለ ጥላሸት ይሆናል። ጥላሸቱ ቫልቮላውን በደንብ እንዳይገጥም ያደርገዋል፤ የሞቀውም አየር ወደ ኋላ ተመልሶ ሁለተኛ ይጨመቃል፤ ሙቀቱም ይብሳል። ጥላሸት በበዛበትና የዘይት ጉም በሞላበት ቱቦ ውስጥ እሳት ሊነሣና ፍንዳታ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከልክ ማለፍ ዘይት ማባከን ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

ምን ዓይነት ዘይት ይግባ

ከሁሉ በፊት የሚታዘዘው የመኪናው መመሪያ ነው። በጠቅላላው ግን ለፒስቶን ኮምፕሬሶር ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት መግዛት ይበልጣል። በቆርቆሮው ላይ አይሶ ቪጂ 68 ወይም አይሶ ቪጂ 100 የሚል ጽሕፈት ይገኛል። ቍጥሩ በ40 ዲግሪ ሙቀት ላይ የዘይቱን ውፍረት የሚያመለክት ስለሆነ ትልቁ ቍጥር ወፍራሙን ዘይት ያሳያል። በሌላው አቆጣጠር 68 ከኤስኤኢ 20፥ 100 ደግሞ ከኤስኤኢ 30 ጋራ ይቀራረባል። ብዙ መመሪያዎች ለሞቃት አገር 100ን፥ ለብርዳም ቦታ 68ን ያዛሉ። እንግዲህ እንደ ምጽዋ ባለው ቆላ ወፍራሙ ይሻላል፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ በሚበረታበት ደጋ ግን መመሪያው ከፈቀደ ቀጭኑ መኪናው በቀላሉ እንዲነሣ ይረዳዋል።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ «ለአውቶሞቢል የተገዛው ዘይት አይሆንምን?» የሚል ነው። በሱቅ የሚገኘው 15 ደብሊው 40 የመሰለው የመኪና ዘይት የሚያጥብ ቅመም አለበት። ይህ ቅመም እድፉን ከዘይቱ ጋራ ተንሳፍፎ እንዲቆይ ያደርገዋል፤ በአውቶሞቢል ላይ እድፉን የሚይዝ ፊልትሮ ስላለ ይህ ጠቃሚ ነው። በትንሹ ኮምፕሬሶር ግን የዘይት ፊልትሮ ስለሌለ ተንሳፋፊው እድፍ ከዘይቱ ጋራ እየተረጨ ብረቱን ይፍቃል። ቅመም የሌለበት ዘይት ግን እድፉንና ውሃውን ወደ ኮፓው ሥር እንዲወርድ ይለቀዋል፤ ዘይቱ ሲለወጥም አብሮ ይፈሳል። ከዚህም በላይ የሚያጥበው ቅመም ሲቃጠል በቫልቮላው ላይ አመድ ይተዋል። ስለዚህ መመሪያው በግልጽ ካልፈቀደ አይግባ።

የምግብ ዘይትና የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይሞከሩ። በተፈጥሮ ዘይት ሲሠራ የነበረውንም መኪና ወደ ሰው ሠራሽ ዘይት ለማዛወር የፈለገ ሰው አሮጌውን በሙሉ ካላፈሰሰ በቀር ሁለቱን አይደባልቅ። ትክክለኛው ዘይት ያልተገኘ እንደሆነ እስኪገኝ ድረስ መኪናውን ማቆም ከሁሉ ይሻላል።

መቼና እንዴት ይለወጥ

አዲስ መኪና ፋሻውና ሲሊንደሩ እስኪስማሙ ድረስ ብዙ ደቃቅ የብረት ብናኝ ስለሚያወጣ የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ይለወጣል። ብዙ መመሪያዎች 50 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ እንዲለወጥ ያዛሉ። ከዚያ ወዲያ እንደ መኪናው ዓይነት በየ200 እስከ በየ500 ሰዓቱ መለወጥ የተለመደ ነው። ሰዓቱ ባይሞላም እንኳ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ መለወጥ መልካም ነው፤ ዘይት ተቀምጦም ውሃና አየር እየጠጣ ያረጃልና።

አለዋወጡም እንዲህ ነው። መኪናው ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ዘይቱ ለብ ካለ በኋላ ይጠፋል፤ ከሶኬት ይነቀላል፤ አየሩም ይለቀቃል። ከማፍሰሻው ብሎን ሥር ዕቃ ተደርጎ ብሎኑ ይፈታል፤ መክደኛውም ሲከፈት ዘይቱ ፈጥኖ ይወርዳል። ፈሶ ሲያበቃ ብሎኑ ከነጓርኒሲዮኑ ታጥቦ ይመለሳል፤ አዲሱ ዘይት እስከ ልኩ ይገባል፤ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ሠርቶ ከቆመ በኋላ ልኩ ሁለተኛ ይታያል።

የወጣው ዘይት ሳይታይ አይጣል፤ ስለ መኪናው ጤንነት ይመሰክራልና። ጠቍሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው መኪናው ከመጠን በላይ ሞቆ ነበር ማለት ነው። እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። በፀሐይ ሲታይ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለበት ብረት እየተበላ ስለሆነ መካኒክ ሳያየው አይሥራ።

ስለ ደጋና ስለ ቆላ

ባለ ኮምፕሬሶር ሁሉ የሚኖርበትን አገር አየር ማወቅ ይገባዋል። አሥመራና አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ባልራቀ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፒስቶኑ በአንድ ምት የሚስበው አየር በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ በምጽዋ በ6 ደቂቃ የሚሞላ በርሜል በአሥመራ 8 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ መኪናውን የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ ስስ ነው። በደጋ የሚሠራ መኪና ለዚያው ሥራ ብዙ ሰዓት ስለሚዞር ዘይቱ በቀን ቍጥር ሳይሆን በሠራበት ሰዓት እየተቈጠረ ይለወጥ።

በቆላ ያለው ችግር ሌላ ነው። በባሕር ዳርቻ ያለው አየር ብዙ እርጥበት ይሸከማል፤ አየሩ ሲጨመቅ እርጥበቱ በበርሜሉ ውስጥ ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ በበርሜሉ ሥር ባለው መክፈቻ ካልተለቀቀ በርሜሉን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የዛገም በርሜል በግፊት ሊፈነዳ ይችላል። እርጥበቱ ወደ ኮፓውም ይገባል። በየጊዜው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚሠራ መኪና ኮፓው በደንብ ስለማይሞቅ ውሃው ተንኖ አይወጣም፤ ዘይቱም ይነጣል። ይህ የታየበት ሰው ዘይቱን ለውጦ አልፎ አልፎ መኪናውን ረዘም ላለ ጊዜ ያሠራው።

በአውድማ ወራት ደግሞ የገለባና የአፈር ብናኝ የኮምፕሬሶሩን የአየር ፊልትሮ ይደፍነዋል። አየር የተከለከለ ፒስቶን ከላይ የሚስበውን ሲያጣ ዘይቱን ከኮፓው በፋሻዎቹ በኩል ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ ኮምፕሬሶሩ ከአውድማው ነፋስ ርቆ ይቀመጥ፤ ፊልትሮውም ቶሎ ቶሎ ይጸዳ።

ዘይቱ እየጎደለ የሚሄድ እንደሆነ

ዘይት ቶሎ ቶሎ የሚጨመርበት መኪና በሽታ አለበት። መንሥኤውን ለማወቅ ማታ ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን ማንጠፍ ነው። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ነጠብጣብ ከታየ ዘይቱ በብሎኑ፥ በመስታወቱ ወይም በኮሎው መዝጊያ በኩል ይፈሳል፤ የመክደኛው መተንፈሻ ተደፍኖ እንደሆነም ይታይ። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ግን ዘይቱ ከአየሩ ጋራ እየወጣ ነው። ግፊቱን ዝቅ አድርጎ አየሩን በነጭ ወረቀት ላይ ቢነፉት የዘይት እድፍ ይታያል። ያን ጊዜ ልኩ አልፎ እንደሆነና ፊልትሮው ተደፍኖ እንደሆነ ይመርመር፤ እነዚህ ደኅና ከሆኑ ፋሻው አርጅቷልና ይለወጥ።

በዘይት ከሚሠራ ኮምፕሬሶር የሚወጣ አየር ጥቂትም ቢሆን ዘይት ስላለበት ለእህል፥ ለወተት ዕቃና ለማንኛውም ምግብ አይሁን። አየሩም ወደ ሰው ገላ ፈጽሞ አይነፋ።

ስለ አሮጌው ዘይት

የተለወጠው ዘይት በግቢ፥ በቦይና በጉድጓድ አጠገብ አይፍሰስ፤ ጥቂቱ ዘይት ብዙ የመጠጥ ውሃ ያበላሻልና። በአንዳንድ ቦታ የተቃጠለ ዘይት ለመዥገር ተብሎ በከብት ቆዳ ላይ ሲቀባ ይታያል። በውስጡ የብረት ብናኝና ጐጂ ነገሮች ስላሉበት ቆዳውን ያቆስላል፤ ከብቱም ሲልሰው ይመረዛል። አሮጌው ዘይት በተዘጋ ጀሪካን ተጠራቅሞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ባለ መኪና ትንሽ ደብተር ይያዝ። በእርስዋም ዘይት የታየበት ቀን፥ የተጨመረው መጠን፥ የተለወጠበት ቀንና መኪናው የሠራበት ሰዓት ይጻፍ። አንድ መኪና በብዙ ሰዎች ገንዘብ ተገዝቶ በጋራ የሚሠራ እንደሆነ ይህ ደብተር ይልቁን ያስፈልጋል፤ ሁሉም «ሌላው አይቶታል» ሲል ማንም ሳያየው ይቀራልና። ኃላፊነቱ ለአንድ ሰው በስም ይሰጥ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፥ ጠዋት ሁለት ደቂቃ በመመልከትና ጥቂት ዘይት በመጨመር የሚድነው መኪና፥ ከተቃጠለ በኋላ በብዙ ገንዘብም ወደ ቀድሞው አይመለስም።